ጌይን በመነካካት ያልተፈታ ችግር፦ የአንድ 450 ሄሊኮፕተር ጭራ

መነሻ

ትንሽ የሪሞት ሄሊኮፕተር ሚያበር ሰው አንድ ቀን ጭራው አልረጋ ይለዋል፣ ያኔ አብዛኛው ሰው መጀመሪያ ሚሮጠው ወደ ሴቲንጉ ነው፣ ጌይን ሚባለውን የማረሚያ ጥንካሬ ቁጥር ቀንስ ጨምር። ይሄ ጉዳይ በዛ መንገድ ብዙ ከተኬደ በኋላ መፍትሄው ሌላ ቦታ የተገኘበት ስለሆነ ከነዝርዝሩ መዝግቤ ላስቀምጠው ፈለግኩ። የባለቤቱን ስምም የእቃዎቹን ስሪትም አልጠራም፣ ችግሩ የፋብሪካ ችግር አልነበረም።

ሄሊኮፕተሩ 450 ሚባለው መጠን ነው። የዋናው ሮተር ብሌድ 325 ሚሊሜትር፣ ከጫፍ ጫፍ ሲለካ ወደ 70 ሳንቲሜትር ይሆናል። ባትሪው ባለ 3 ሴል ሊፖ ነው፣ ጭራውን ሚያዞረው ችንጋ ነው። ሮተሩ ላይ ድሮ የነበረው ማረጋጊያ ዘንግ፣ ፍላይባር ሚባለው፣ የለውም፣ የሱን ስራ ሚሰራው አንዲት ትንሽ ኤሌክትሮኒክስ ሳጥን ናት። ሳጥኗ ውስጥ በሶስት አቅጣጫ የመዞር ፍጥነትን ሚለካ ጋይሮ አለ። አብራሪው በስቲኩ ምን ያህል ፈጥኖ እንዲዞር እንደፈለገ ይናገራል፣ ጋይሮው አሁን ምን ያህል እየዞረ እንደሆነ ይናገራል፣ ሳጥኗ ልዩነቱን አስልታ ስዋሽፕሌቱ (የዋናውን ሮተር ብሌዶች አንግል ሚቀይረው ሳህን) ስር ያሉትን ሶስት ሰርቮዎች፣ ማለትም ትእዛዝ ተቀብለው ክንድ ሚያንቀሳቅሱ ትንንሽ ሞተሮች፣ እና የጭራውን አንድ ሰርቮ ታዛለች። ጌይን ማለት ለዛ ልዩነት ምን ያህል ጠንክሮ ይመልስ ሚለው ነው። ከሶስቱ ቁጥሮች ፒ ወዲያው ሚመልሰው ነው፣ አይ ስህተቱን እያጠራቀመ አቅጣጫውን ይዞ ሚያቆየው ነው፣ ዲ ደሞ እንቅስቃሴው ሲያልፍ ሚገታው ነው።

ባለቤቱ ጀማሪ አይደለም፣ የሪሞት አውሮፕላን ለረጅም ጊዜ ያበረረና እጁ የተፍታታ ልጅ ነው። አንዴ ዝቅ ብሎ ሲያበር ጭራው መሬት ነካበትና ቡሙ፣ ጭራውን ሚይዘው ቱቦ፣ ታጠፈ። ቡሙን፣ የጭራውን ብሌዶችና የጭራ ብሌድ መያዣዎቹን ገዝቶ ራሱ ገጣጠመው። የዋናው ሮተር ራስ ውስጥ ያለችውን ሁለቱን ብሌድ መያዣዎች ሚያገናኘዋን ቀጭን ሻፍት ግን አልቀየራትም፣ በአይን ሲያያት ቀጥ ያለች ነበረች።

ችግሩ

ከጥገናው በኋላ መጀመሪያ ሲነሳ ጭራው ግራ ቀኝ በፍጥነት ይንቀጠቀጣል፣ ከሩቅ ሲታይ ጫፉ ድብዝዝ ይላል። ጌይኑን ቀነሰ፣ መንቀጥቀጡ ቆመ፣ አሁን ደሞ አፍንጫው አይያዝም፣ ቀስ እያለ ወደ አንድ ጎን ይሸሽና ባንዴ ዘሎ ይመለሳል፣ ከዛ እንደገና መሸሽ ይጀምራል። መሃል ላይ ሚሆን ቁጥር ይፈልጋል፣ ያገኛል፣ ትንሽ እንደበረረ ያው ያገኘው ቁጥር አይሰራም። የጭራው ጌይን ከ0 እስከ 100 ባለው ስኬል ላይ ከ38 በታች ይሸሻል፣ ከ42 በላይ ይንቀጠቀጣል።

ሲያስረዳኝ እንዲህ አለኝ፣ "ባትሪው ሙሉ ሲሆን ይንቀጠቀጣል፣ ሲጋመስ ይሸሻል"። ይቺ አባባል ውስጥ የጉዳዩ አንድ ሶስተኛ አለ፣ ወደሷ እመለሳለሁ።

ሁለተኛው ችግር ሆቨር ላይ፣ ማለትም አየር ላይ ባለበት ቆሞ፣ ማንም ስቲክ ሳይነካ አፍንጫው ቀስ ብሎ ከፍ ዝቅ ማለቱ ነው። እሱ ይሄን ከጭራው ጋር የተያያዘ አንድ ችግር ነው ብሎ ነበር የያዘው፣ ኋላ እንደታየው ግን ምክንያታቸው ለየቅል ነበር።

እኔ ከማየቴ በፊት የተሞከረው

መጀመሪያ የጭራውን ሰርቮ በተሻለ ሰርቮ ቀየረው፣ ምንም ለውጥ የለም። ከዛ ንዝረት ነው ብሎ አሰበና ሳጥኗን ሚይዘውን ደብል ቴፕ ሶስት ድርብ አደረገው። ይሄ ለጆሮ ትክክል ይመስላል ግን አባባሰው፣ ምክንያቱም ሳጥኗ ስፖንጅ ላይ እንደተቀመጠ ነገር ሆነችና ከሄሊኮፕተሩ ተለይታ የራሷን መወዛወዝ መለካት ጀመረች። ጋይሮ ከአካሉ ጋር አንድ ላይ መዞር አለበት፣ ካልሆነ የአካሉን ዜና ዘግይቶ ነው ሚሰማው።

ሶስተኛው የበለጠ ጎጂ ነበር። የጋይሮውን ፊልተር ከ100 ኸርዝ (በሰከንድ 100 ጊዜ) ወደ 40 ኸርዝ አወረደው። ፊልተር ንዝረት ያጠፋል እውነት ነው፣ ግን መረጃውንም ያዘገያል። ቀላል አንደኛ ደረጃ ፊልተር 100 ኸርዝ ላይ ቢቆረጥ በሰከንድ 10 ጊዜ ለሚወዛወዝ ጭራ መዘግየቱ ወደ 6 ዲግሪ ነው፣ 40 ኸርዝ ላይ ሲቆረጥ ወደ 14 ዲግሪ ይደርሳል። ሰርቮው ራሱ ሚያዘገየው አለ፣ ቴፑ ሚያዘገየው አለ፣ እነዚህ ሁሉ ሲደመሩ ማረሚያው ሚደርሰው ጭራው ወደ ሌላው ጎን መሄድ ከጀመረ በኋላ ይሆናል፣ ያኔ ማረም ሳይሆን መግፋት ነው ሚሆነው።

የተከተልነው መንገድ

መጀመሪያ የተስማማነው ነገር ጌይኑን ለጊዜው ጨርሶ አለመንካት ነው። ምክንያቱ ይሄ ነው፣ ጭራው ሚሸሽበት ቁጥርና ሚንቀጠቀጥበት ቁጥር መሃል ሰፊ ሜዳ መኖር አለበት። ጤነኛ ሄሊኮፕተር ላይ ያ ሜዳ በጣም ሰፊ ስለሆነ ሰው ቁጥሩን በግምት አስቀምጦም በደህና ይበራል፣ ቱኒንግ ሚባለው ነገር እዛ ሜዳ ውስጥ ለራስ ሚስማማ ቦታ መምረጥ ነው። እዚህ ግን ሜዳው 4 ነጥብ ብቻ ነበር። ሜዳው ሲጠብ ሚናገረው ነገር አለ፣ በጋይሮውና በጭራ ብሌዱ መሃል አንድ ነገር እያዘገየ ወይ እየያዘ ነው ማለት ነው። በእኔ እምነት የጌይን ቁጥሩ ትልቁ ጥቅም ይሄ ነው፣ የሜዳው ስፋት ራሱ መለኪያ ነው።

ወደ ስራው ከመግባታችን በፊት የሞተሩን ሶስት ገመዶች ነቀልን። ይሄን በጣም አጥብቄ ነው ምለው። በደቂቃ 2600 ዙር ሚዞር የ70 ሳንቲሜትር ሮተር ጫፉ በሰከንድ 95 ሜትር ገደማ ይሄዳል፣ በሰዓት ከ340 ኪሎሜትር በላይ ማለት ነው። ጠረጴዛ ላይ ሴቲንግ እያየን ሞተሩ በስህተት ቢነሳ እጅ ነው ሚሄደው፣ ስለዚ እባካችሁ ገመዱን ንቀሉ፣ በሪሞቱ ማብሪያ ማጥፊያ ብቻ አትተማመኑ።

ከዛ የባትሪዋን ነገር ያዝን። ልጁ ሚያበረው ቋሚ የስሮትል ከርቭ ላይ ነው፣ ማለትም ለሞተሩ ሚሰጠው ጉልበት ቀድሞ የተወሰነ ነው፣ የሮተሩን ዙር እየለካ ቋሚ ሚያደርገውን ገቨርነር አላበራም። ባለ 3 ሴል ሊፖ ሙሉ ሲሆን 12.6 ቮልት ነው፣ በስራ ላይ እያለ ወደ 11.1 ሲወርድ 12 ፐርሰንት ገደማ ቀነሰ ማለት ነው፣ የሮተሩም ዙር በዛው ልክ ይቀንሳል። ሮተሩ አካሉን ለማዞር ያለው ጉልበት ግን ሚሄደው ከዙሩ ስኩዌር ጋር ነው፣ ስለዚ ዙሩ በ12 ፐርሰንት ሲቀንስ ጉልበቱ በ22 ፐርሰንት ገደማ ይቀንሳል። የጌይን ቁጥሩ ሳይነካ ጌይኑ በተግባር ወርዷል። ባትሪው ሙሉ ሲሆን ይንቀጠቀጣል ሲጋመስ ይሸሻል ያለው ይሄንን ነው። ገቨርነሩን አብርተን 2600 ላይ አሰርነው፣ ባትሪው ሲወርድም ሞተሩ ሚጨምረው ነገር እንዲቀረው የማርሹን ጥርስ አሰላን። ከዚህ በኋላ ቢያንስ በበረራው መጀመሪያና መጨረሻ ያለው ባህሪ አንድ ሆነ። መጥፎ ነው፣ ግን አንድ አይነት መጥፎ ነው፣ እሱ ደሞ ለመመርመር በጣም ይጠቅማል።

ቀጥሎ ጭራው። የሰርቮውን ዘንግ ከኳሷ ላይ አላቀን የጭራውን ተንሸራታች፣ ሻፍቱ ላይ እየሄደ የጭራ ብሌዶቹን አንግል ሚቀይረውን፣ በጣት ከዳር እስከ ዳር ወሰድነው። መሃሉ አካባቢ ይይዛል። በጣም ትንሽ ነው፣ ሰው ቸኩሎ ቢገፋው ላይሰማው ይችላል፣ በአንድ ጣት ቀስ ብሎ ሲገፋ ግን ቆም ይልና ትንሽ ሲጫኑት ይለቃል። ምክንያቱ ቡሙ ላይ ዘንጉን ሚመሩት የፕላስቲክ ቀለበቶች አንዷ ሲገጠም ጠመም ብላ ታስራለች፣ ዘንጉን ወደ ጎን ትጫነዋለች። ቪቲዋን አላልተን አስተካክለን አሰርናት። የኳስ መያዣዎቹም አዲስ ስለነበሩ ጠበቅ ይሉ ነበር፣ እነሱንም በልካቸው ከፈት አደረግናቸው። ዘንጉን ቀጥ አድርገን ስንይዘው ተንሸራታቹ በራሱ ክብደት መውረድ እስኪጀምር ድረስ ሰራንበት።

የላይኛው ሮተር ላይ ቀጭኗን ሻፍት አውጥተን መስታወት ላይ አንከባለልናት፣ ከኋላዋ መብራት አድርገን። ቀጥ ያለ ሻፍት ሲንከባለል በሱና በመስታወቱ መሃል ያለው የብርሃን መስመር አይለወጥም። የሷ ግን ይከፈታል ይዘጋል፣ ይከፈታል ይዘጋል፣ ክፍተቱ ከአንድ ጸጉር አይበልጥም። ቀየርናት፣ አብረውም ያረጁትን የጎማ ቀለበቶች ቀየርን። ስዋሽፕሌቱንም ስናየው የኋላው ሰርቮ ክንድ ከ90 ዲግሪው አንድ ጥርስ ፈቀቅ ብሎ ስለነበር አስተካከልነው። ቴፑን ወደ አንድ ድርብ መለስን፣ ሳጥኗን ሚጫናትን የገመድ እስር አላላን፣ ፊልተሩን ወደ 100 መለስነው።

ሎጉ የተናገረው

ሳጥኗ ሎግ፣ ማለትም የበረራውን መረጃ መዝገብ፣ ትይዛለች፣ ከስራው በፊትም ከስራው በኋላም ሎግ ወስደናል። እዚጋ አንድ ስሌት ማወቅ በጣም ይጠቅማል። በደቂቃ 2600 ዙር ማለት በሰከንድ 43 ዙር ገደማ ነው፣ ስለዚ ከዋናው ሮተር ሚመጣ ንዝረት 43 ኸርዝ ላይ ይታያል። የዚህ ሄሊኮፕተር ጭራ ከዋናው 4.24 ጊዜ ፈጥኖ ይዞራል፣ ስለዚ የጭራ ንዝረት 184 ኸርዝ አካባቢ ይታያል። በመጀመሪያው ሎግ ላይ 43ቱ ጋ ትልቅ ጉብታ ነበር፣ 184ቱ ጋ ግን እዚህ ግባ ሚባል ነገር የለም። ሻፍቷ ከተቀየረች በኋላ የ43ቱ ጉብታ በጣም ወረደ፣ ሆቨር ላይ የነበረው የአፍንጫው ከፍ ዝቅ ማለትም አብሮ ጠፋ።

ጭራው ግን ገና ነው። ሜዳው ሰፋ፣ አሁን ከ37 እስከ 47 ሆነ፣ ግን ጠባብ ነው። የሰርቮውን ትዕዛዝና የጭራውን መዞር በአንድ ላይ አስቀምጠን ስናየው ነገሩ ግልጽ ብሎ ወጣ፣ ትዕዛዙ ቀስ እያለ ይወጣል ይወጣል፣ ጭራው ዝም ነው፣ ከዛ ባንዴ ይዘላል፣ ከሚፈለገው ያልፋል፣ ትዕዛዙ ይገለበጣል፣ እንደገና ዝም። ይሄ የንዝረት ቅርጽ አይደለም፣ የሚይዝ ነገር ቅርጽ ነው። የሚይዝ ነገር ባለበት አይ ስህተቱን እያጠራቀመ ሲገፋ ይቆይና ሲለቅ ሁሉንም ባንዴ ይለቃል። ግን ጠረጴዛ ላይ ተንሸራታቹ በራሱ ክብደት ይወርዳል ብለናል። እንግዲህ ሚይዘው ሲዞር ብቻ ነው።

ሲዞር ብቻ ሚይዝ ከሆነ መጀመሪያ ሚጠረጠረው አንድ ቦታ ነው፣ የብሌድ መያዣው ውስጥ ያለው የግፊት ኩሽኔታ። 3 ግራም ሚመዝን የጭራ ብሌድ ክብደቱ ከሻፍቱ 4 ሳንቲሜትር ላይ ነው ብለን ብናስብ፣ በዛ ዙር ወደ ውጭ ሚጎትተው ሃይል ወደ 160 ኒውተን ነው፣ የ16 ኪሎ እቃ እንደማንጠልጠል። ያንን ጭነት ተሸክሞ ብሌዱ በነጻ እንዲዞር ሚያደርገው የግፊት ኩሽኔታው ነው። ፈታነው። የግፊት ኩሽኔታ ሁለት ቀለበት አለው፣ ሲታዩ መንታ ናቸው፣ የውስጥ ቀዳዳቸው ግን በጣም በትንሹ ይለያያል። ሰፊ ቀዳዳ ያለው ወደ መሃል፣ ወደ ሻፍቱ በኩል ነው ሚገባው፣ ጠባቡ ወደ ውጭ፣ ወደ ቪቲው ራስ በኩል። ከሁለቱ መያዣዎች አንዱ ላይ ተገልብጠው ነበር የገቡት። ሳይዞር ምንም ሳይመስል፣ ሲዞርና ጭነቱ ሲመጣ ይነክሳል። መለየት ቀላል ነው፣ ሁለቱንም ቀለበት ቪቲው ላይ ማስገባት ነው፣ ጠባቡ ልክክ ይላል፣ ሰፊው ይንገዋለላል። አገላብጠን በቦታው መለስን፣ ግሪስ ቀባን፣ ገጠምነው።

ከዛ በኋላ ሜዳው ከ35 እስከ 61 ሆነ።

ቱኒንጉ

አሁን ነው ጌይን ሚነካው፣ ብዙም አልፈጀም። ጭራው ላይ የፒ ቁጥርን ከፍ እያደረግን ፈጣን የፊት በረራ ላይና ሃይለኛ አወጣጥ ላይ ሞከርን፣ ሆቨር ላይ ረግቶ ፈጣን በረራ ላይ ሚንቀጠቀጥ ጌይን ብዙ ስለሆነ። መንቀጥቀጥ ሲጀምር ወደታች መለስ አድርገን 52 ላይ አቆምነው። የአይ ቁጥርን ደሞ ጭራው ከፈጣን ፒሩዌት (በቦታው መሽከርከር) በኋላ ሚቆምበትን እያየን አስተካከልን፣ ሲቆም ወደ ኋላ ሚመለስ ከሆነ በዝቷል፣ አፍንጫው በንፋስ ሚሄድ ከሆነ አንሷል። የላይኛው ሮተር ላይ ደሞ ስቲኩን ባንዴ ገፍቶ መልቀቅ ነው፣ ከቆመ በኋላ ፈጣን መንቀጥቀጥ ካለ ፒ በዝቷል፣ ቀስ ያለ አንድ ሁለት መመለስ ካለ የአይ ቁጥርን ማየት ነው፣ ፈጣን የፊት በረራ ላይ አፍንጫው ያለፈቃድ ከተነሳ አይ አንሷል። የዲ ቁጥርን በጣም በጥቂቱ ነው የጨመርነው፣ ዲ ንዝረትን ስለሚያጎላ ሰርቮ ያግላል፣ ከበረራ በኋላ ሰርቮዎቹን በእጅ እየነካን ነበር ምናየው።

የሰራውና ያልሰራው

ጭራውን ያዳነው የዘንግ ቀለበቷና የግፊት ኩሽኔታው ናቸው፣ የአፍንጫውን ከፍ ዝቅ ማለት ያጠፋው የተጣመመችው ሻፍት መቀየሯ ነው። ገቨርነሩ ችግር አልፈታም፣ ግን ችግሩን አንድ ቦታ እንዲቆም አደረገው፣ ያለሱ ሎጎቹን ማወዳደር አይቻልም ነበር። አዲሱ ሰርቮ አያስፈልግም ነበር፣ አሮጌውን መልሰን ሞክረነው ሜዳው ከ35 እስከ 58 ነበር፣ ልዩነቱ ጥቂት ነው። የሰርቮ ክንዱ መስተካከል ጥሩ ነው ግን በበረራው ላይ ልዩነት አላየሁበትም። ያልተፈታም አለ፣ በፍጥነት ወደ ኋላ ሲበር ጭራው አሁንም ትንሽ ይወላወላል፣ ለዚህ መጠን ሄሊኮፕተር ተቀባይነት አለው ብዬ ነው ማስበው፣ ልጁ ግን አልተቀበለውም፣ ረዘም ያለ የጭራ ብሌድ ሊሞክር ነው።

ለሌላ ሄሊኮፕተር ሚወሰደው

ሚሸሽበትንና ሚንቀጠቀጥበትን ቁጥር ሁለቱንም ጻፏቸው። በመሃላቸው ሰፊ ሜዳ ከሌለ ቱኒንጉን አቁሙና ካቻቢቴ አንሱ። ማንኛውም መነካካት፣ ቴፕም ፊልተርም ሰርቮም፣ ጠቀመ ወይስ ጎዳ ሚለው ሚታወቀው ሜዳው ሰፋ ወይስ ጠበበ በሚለው ነው፣ አንድ በረራ ላይ ጥሩ ስለተሰማን አይደለም።

አንድ ነገር ጠረጴዛ ላይ ነጻ ሆኖ በረራ ላይ ከያዘ ጭነት ሲመጣ ምን ይለወጣል ብሎ መጠየቅ ነው። ከብሌድ መያዣው በተጨማሪ ችንጋው ሲጠብቅ፣ ቡሙ ሲሞቅ፣ የሰርቮው ቮልቴጅ ሁሉም ሰርቮ አብሮ ሲሰራ ሲወርድ፣ እነዚህ ሁሉ ጠረጴዛ ላይ አይታዩም።

ሎግ ማይዝ ሳጥን ያለው ሰው ብሌዶቹን አውልቆ ሞተሩን ብቻ፣ ከዛ ጭራውን ጨምሮ፣ ከዛ ዋናውን ጨምሮ እያዞረ ንዝረቱ የትኛው ላይ እንደመጣ መለየት ይችላል፣ ከበቂ ርቀት ላይ ሆኖ። ዘገምተኛ ነው ግን ይሰራል።

ዙር ሲቀየር ጌይንም ይቀየራል፣ ሁሌም ጌይኑ ሚወሰነው ሊበሩበት ባሰቡት ከፍተኛ ዙር ላይ ነው። ይሄ ልጅ አሁን ለተረጋጋ በረራ በ2200 ዙር ሁለተኛ ባንክ፣ ማለትም ሌላ የሴቲንግ ስብስብ፣ ከፍቷል፣ በ2200 ላይ የሮተሩ ጉልበት ከ2600ው 72 ፐርሰንት ገደማ ስለሆነ ጌይኑ ወደ 1.4 እጥፍ ከፍ ማለት ይችላል፣ ለጭራው ከ52 ተነስቶ ወደ 70 ቀስ እያለ እየወጣ ነው፣ 66 ላይ እስካሁን መንቀጥቀጥ የለም።